የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ታሪክ

ልጆች ሆይ፤ በአዲስ አበባ ከተማ ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ አንድ አሮጌ ፎቅ ያገኛል። ቤቱ ሆቴል ነው፤ ስሙም በእቴጌ ጣይቱ ስም የተጠራ ነው። በከተማው ውስጥ ከተከፈቱት ሆቴሎች ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ነው። በደጁ የሚያልፉ ሰዎች ስሙን በየቀኑ ይጠራሉ። ባለስሟ ማን እንደ ነበሩ ሲጠየቁ ግን የንጉሥ ሚስት ነበሩ ብለው ነገራቸውን የሚጨርሱ ብዙ ናቸው። የንጉሥ ሚስት መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ንጉሥ ሳያገቡ አስቀድሞ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ትምህርታቸውም ከዘውዳቸው ይልቅ ለአገር የጠቀመበት ጊዜ አለ። እነሆ ታሪካቸውን እንናገራለን።

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር፤ እርሳቸውም ስሜንን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ወንድም ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ዘመዶቻቸው በስሜን፣ በበጌምድርና በየጁ ስማቸው የታወቀ መኳንንት ነበሩ። ዘመኑ ግን ክፉ ነበረ። ዘመነ መሳፍንት ሊያልቅ ሲል መኳንንቱ እርስ በርሳቸው እየተዋጉ ዛሬ የተሾመው ነገ ይሻራል፤ ዛሬ ሀብታም የነበረው ነገ ስደተኛ ይሆናል። ደጃዝማች ውቤም በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ በተደረገው ጦርነት በካሣ እጅ ድል ሆነው ተያዙ፤ ካሣም ወዲያው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የጣይቱ አባት ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለች ሞተው ነበር። እንዲህ የጌታ ልጅ ተብላ የተወለደችው ሕፃን ያለ አባት አደገች።

እናታቸው ሌላ ባል ባገቡ ጊዜ ጣይቱ ወደ ጎጃም ወደ ደብረ መዊ ሄዱ። በዚያም ገዳም ነበረ፤ መጻሕፍትና መምህራንም ነበሩ። ልጅቱ የጠፋባትን የአባት ሀብት በዚያ አላገኘችም፤ ሌባ የማይሰርቀውን ሌላ ሀብት ግን አገኘች።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን የዚያን ዘመን ትምህርት እንመልከት። በዚያን ጊዜ ማስተማር ለወንድ ልጅ የሚደረግ ነገር ነበረ። ወንዱ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀምጦ ፊደል ይቈጥራል፤ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ የበረታውም ዜማና ቅኔ ይማራል። ሴት ልጅ ግን ጥጥ ትፈትላለች፤ ስፌት ትሰፋለች፤ ወጥ መሥራት ትማራለች እንጂ ብራና ግለጪ የሚላት አልነበረም። ከመኳንንት ልጆች እንኳ ዳዊት የሚደግሙት ሴቶች ጥቂቶች ነበሩ። ጣይቱ ከነዚህ ጥቂቶች አንዷ ሆኑ። ማንበብን ብቻ ሳይሆን መጻፍንም ተማሩ። ይህ ደግሞ ይበልጥ ብርቅ ነበረ፤ በቀድሞ ዘመን ጽሕፈት የጸሐፊ ሙያ ነበርና፣ ማንበብ የሚችል ጌታ ሁሉ እንኳ ደብዳቤ ባስፈለገው ጊዜ ጸሐፊ ይጠራ ነበር።

ከአማርኛም በላይ ግእዝ ተማሩ። ግእዝ የተማረ ሰው የቃልን ክብደት ያውቃል። አንዲት ፊደል ስትጠብቅና ስትላላ ትርጕሙ ይለወጣል፤ ግሱ ሲረባ አድራጊው ተደራጊ፣ ተደራጊውም አድራጊ ይሆናል። ቅኔ የሚማር ተማሪም ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ፈልግ እየተባለ ያድጋል፤ በአፍ የተነገረውን ብቻ አምኖ አይቀመጥም። ልጆች፣ ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ ኋላ ስለ አንድ ውል በምንናገርበት ጊዜ ያስፈልገናል።

ጣይቱ በገና ይደረድሩ ነበር፤ ግጥምም ይገጥሙ ነበር። ሰንጠረዥ መጫወትም ያውቁ ነበር። ሰንጠረዥ ሥራ ፈት የሚጫወተው ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ተጫዋቹ እርሱ አንድ እርምጃ ሲሄድ ባላጋራው የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ወደ ዐዋቂነት ሲደርሱ ብዙ መከራ አዩ። በልጅነት ዕድሜያቸው ለአንድ የዐፄ ቴዎድሮስ ሹም ተዳሩ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ትዳሮች ነበሯቸው፤ አንዱም አልጸናም። በዚያን ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ የምትዳረው ለእርቅና ለወዳጅነት ነበርና፣ ወዳጅነቱ ሲፈርስ ትዳሩም አብሮ ይፈርስ ነበር። ይህን በዚሁ እንለፈው።

በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከሸዋ ንጉሥ ከምኒልክ ጋራ በቁርባን ተጋቡ። በቁርባን የተጋቡ ባልና ሚስት ሞት ካልለያቸው በቀር አይለያዩም። ጣይቱ በዚያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ያህል ሴት ነበሩ፤ ዓለምን ያዩ፣ ሰውን የመረመሩ፣ መጽሐፍ ያነበቡ ነበሩ። ንጉሡም ያገቡት የምታማክራቸውን ሴት ነበር።

የተማረች ሴት የአገር መሪ ሚስት ስትሆን ታሪክ የተለየ መልክ ይይዛል። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሉ ሁቨር የምትባል ሴት ነበረች። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1874 ተወለደች፤ በ1898 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምድርንና የድንጋይን ነገር የሚመረምረውን ጂኦሎጂ የሚባለውን ሳይንስ ተምራ ጨረሰች። ባልዋ ሄርበርት ሁቨር የማዕድን መሐንዲስ ነበር። ሁለቱ በጥንት ጊዜ በላቲን ቋንቋ የተጻፈውን ትልቅ የማዕድን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው በ1912 አሳተሙ። በቻይና አገር ተቀምጣ ሳለችም ቻይንኛ ተማረች፤ ኋላ ባልዋ ከ1929 እስከ 1933 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው የፈለጉትን ነገር በቻይንኛ ይነጋገሩ ነበር። የእኛዋ ንግሥት ግእዝን እንዳወቁ እርሷ ላቲንን አወቀች፤ የሁለቱም ቋንቋ የአሮጌ መጻሕፍት ቋንቋ ነው። ጣይቱ ግን ዩኒቨርሲቲ በአገራቸው ሳይኖር፣ ሴት ልጅ ትማር የሚልም ሰው ሳይበዛ የተማሩ ስለ ሆነ፣ የወጡት ዳገት የከፋ ነበረ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ንጉሥ ምኒልክ በዚያን ጊዜ ከተማቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አድርገው ነበር። እንጦጦ ለምሽግ መልካም ነው፤ ጠላት ከሩቅ ይታያልና። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ብርዱና ነፋሱ ይበረታል፤ ውሃና ማገዶም ይቸግራል። በተራራው ግርጌ ደግሞ ፍል ውሃ ይፈልቅ ነበር፤ መኳንንቱም ለሕመማቸው ወደዚያ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ንጉሡና ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ሰነበቱ። ጣይቱም አገሩን ተመለከቱት፤ አየሩ ለስላሳ ነው፤ ውሃ አለ፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ አበባም አብቦበት ነበር። ከንጉሡ ቦታ ለምነው በዚያ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱ ደግሞ ንግሥቲቱን አይተው እየወረዱ በየኰረብታው ሰፈሩ። ከተማው እንደ ፈረንጅ ከተማ በገመድ ተለክቶ የተሠራ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጌታ ኰረብታውን ይዞ ወታደሩን በዙሪያው አስቀመጠ፤ የጌታውም ስም ሰፈሩ ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ከተማ መጀመሪያው ይህ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከሞቱ በኋላ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጭነው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። በሁለተኛው ቀን ጣይቱ ዘውድ ጭነው እቴጌ ተባሉ፤ የማዕርግ ስማቸውም ብርሃን ዘኢትዮጵያ ሆነ። ዘመኑ ግን የደስታ ዘመን አልነበረም። ከብቱን ሁሉ በሽታ ጨርሶት፣ በሬ ጠፍቶ፣ እርሻ ቆሞ፣ ሕዝቡ በራብ ያልቅ ነበር። ያን ዘመን አባቶቻችን ክፉ ቀን ይሉታል።

በዚያው ወራት ከኢጣሊያ ጋራ የተደረገው ውል ነገር ተነሣ። ውሉ በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመ ነው። በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጽፎ ነበር። ዐሥራ ሰባተኛው ክፍል በአማርኛ ሲነበብ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ለሚኖረው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መላላክ ይችላል ይላል። በኢጣሊያንኛ የተጻፈው ግን በኢጣሊያ በኩል መላላክ ግዴታው ነው ወደሚል ያዘነብላል። ተመልከቱ፤ መቻል ሌላ ነው፤ መገደድ ሌላ ነው። በፈቃዱ የሰው በቅሎ የሚዋስ ሰው ነፃ ሰው ነው፤ ያለዚያ ሰው በቅሎ አትሄድም የተባለ ግን ሎሌ ነው። ኢጣሊያም ይህን ክፍል ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዳያችሁን በኢጣሊያ በኩል አድርጉት የሚል ሆነ። ተንኰሉም ያን ጊዜ ተገለጠ።

የኢጣሊያ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ነገሩን ሊያለዝብ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በ1883 ዓ.ም. በተደረገው ክርክር እቴጌ ጣይቱ ከባላቸው አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ የሚሰሙም ብቻ አልነበሩም። መልእክተኛው፣ ውሉ ለሌሎች መንግሥታት ስለ ተነገረ ኢጣሊያ ቃልዋን ብታጥፍ ክብርዋ ይነካል ብሎ ተከራከረ። እቴጌይቱም፣ እናንተ ክብራችሁን እንደምትጠብቁ እኛም ክብራችንን መጠበቅ አለብን የሚል መልስ ሰጡት፤ ሴት እንደ መሆናቸው ጦርነትን እንደማይወዱ፣ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ውል ከመቀበል ጦርነትን እንደሚመርጡም አስረዱት። ከመኳንንቱ መካከል ነገሩን በለዘብታ ማለፍ የሚሹ ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱም ጠባይ ትዕግሥት ነበረ። እቴጌ ግን በዚያች አንዲት ቃል ነገር ሊያልፉ አልፈቀዱም። በግእዝ ቤት ያደገ ሰው ቃልን እንደ ወርቅ ይመዝናልና እኔ አልደነቅም። አንቶኔሊም ሳይሆንለት ተመለሰ፤ በ1885 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ውሉን መተዋቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ክተት ታወጀ፤ እቴጌም የራሳቸውን ጦር ይዘው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ወደ ትግራይ ዘመቱ። በኅዳር ወር የኢትዮጵያ ጦር በአምባ አላጌ ድል አደረገ፤ ከዚያም ወደ መቀሌ ቀጠለ። በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ኢጣሊያኖች ጽኑ ምሽግ ሠርተው ነበር። ምሽጉ በኰረብታ ላይ ነው፤ ዙሪያው በድንጋይ ካብ ታጥሮአል፤ መድፍም ተጠምዶበታል። የእኛ ወታደር በጀግንነት ደጋግሞ ወደ ካቡ ሮጠ፤ ነገር ግን ካቡ ሥር ብዙ ሰው ወደቀ።

እቴጌ ጣይቱ በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋሉ። በምሽጉ ውስጥ መድፍ አለ፤ ጥይት አለ፤ እህልም አለ፤ ምንጩ ግን ከምሽጉ ውጭ ነበር። ውሃው ከተያዘ ሰው በካብ ሥር ሳይሞት ምሽጉ በራሱ ጊዜ እንደሚወድቅ አሰቡ። ምክራቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ ገለጡ፤ ከተፈቀደላቸውም በኋላ ከሰዎቻቸው መርጠው በሌሊት ምንጩን እንዲይዙ ላኩ። ሰዎቹም ይዘው ጠበቁት። በምሽጉ ውስጥ የነበሩት ውሃ ለማምጣት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየለኩ ይጠጡ ጀመር፤ ለጭነት ያመጧቸው እንስሶቻቸውም በጥም አለቁ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ አዛዣቸው ሻለቃ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ሊወጣ ግድ ሆነበት። ዐፄ ምኒልክም በሰላም እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው፤ የሚጫኑበትም እንስሳ ሰጧቸው። ይህ የመቀሌ ነገር ሰንጠረዥ ለሚያውቅ ሰው የታወቀ ነው፤ የባላጋራውን ንጉሥ ሳይነካ መውጫውን ሁሉ ይዘጋበታል።

የዓድዋ ጦርነት የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለተ እሑድ ነው፤ ቀኑም የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነበር። የኢጣሊያ ጦር 17,000 ያህል ነበረ፤ የኢትዮጵያም ጦር ወደ 100,000 ይቈጠራል። እቴጌ በዚያ ቀን በሰፈር አልቀሩም፤ ጦራቸውን ይዘው ወደ ውጊያው ቀረቡ፤ የሚያመነታውንም ወታደር አበረታቱ። የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ሰብስበው ውሃ በእንስራና በቅል እያስሞሉ ለሚዋጋውና ለቈሰለው እንዲያደርሱ አደረጉ። የመቀሌን ምንጭ የዘጉት ሴት በዓድዋ ውሃ አከፋፋይ ሆኑ። ቀኑ ሳይመሽ የኢጣሊያ ጦር ተበተነ። በ1889 ዓ.ም. ጥቅምት በአዲስ አበባ በተደረገው የሰላም ውል ኢጣሊያ የውጫሌን ውል ሰርዛ የኢትዮጵያን ነፃነት ያለ አንዳች ጥርጥር ተቀበለች። መቻልና መገደድ የሚለው ክርክር በዚህ አለቀ።

ከድሉ በኋላ ለቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ በአራዳ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ዛሬ የምናየው ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ሕንፃ በ1903 ዓ.ም. ገደማ የተፈጸመ ነው፤ በሥራው ላይ ከተካፈሉት መካከል በዓድዋ ተማርኮ በአገራችን የቀረ ካስታኛ የሚባል ኢጣሊያዊ ይገኛል። በኋላ ዘመን ንግሥት ዘውዲቱም ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው።

በዚያን ጊዜ በጊዮርጊስ ግርጌ የአራዳ ገበያ ይቆም ነበር። ቅዳሜ ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ሰው መተላለፊያ ያሳጣ ነበር ይባላል። ጤፍ የጫነ አህያ፣ ቅቤ በቅል የያዘች ሴት፣ ቡና የሚሸጥ ነጋዴ፣ አሞሌ ጨው የሚቈጥር ሽማግሌ፣ ሁሉ በዚያ ይገናኝ ነበር። ገበያው ወደ መርካቶ የሄደው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው፤ ፒያሳ የሚለውም ስም አደባባይ ማለት ሆኖ በዚያው ዘመን ከኢጣሊያንኛ የገባ ነው። የዓድዋ እቴጌ ሆቴል በኢጣሊያ ቃል በሚጠራ ሰፈር መቀመጡ ያስገርማል። አራዳ የሚለው ስም ግን ዛሬም አለ፤ ወጣቶች ነቃ ያለውን ሰው አራዳ የሚሉት ከዚህ ከተማ ገበያ የተነሣ ነው ይባላል።

ወደዚህ ከተማ ከዓድዋ በኋላ እንግዳ በዛ። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያና የሌሎችም መንግሥታት መልእክተኞች መጡ፤ ግሪክና አርመን፣ ሕንድና ዐረብ ሱቅ ከፈቱ። ይህ ሁሉ እንግዳ የት ይደር? ልጆች፣ ለእናንተ ነገሩ ቀላል ይመስላችኋል፤ ሆቴል ይግባ ትላላችሁ። በዚያን ጊዜ ግን ምግብ አብስሎ ለሰው መሸጥ ነውር ነበረ። በአገራችን እንግዳ የእግዜር እንግዳ ነው፤ ቤት የመጣ ሰው እግሩ ታጥቦ፣ በልቶና ጠጥቶ ያድራል እንጂ ዋጋ አይጠየቅም። ትልቅ ሰው ደግሞ በገንዘቡ እንጀራ ገዝቶ በገበያ መካከል ቢበላ ዘመድ የሌለው ይመስል ነበርና ያፍራል።

እቴጌ ይህን የቈየ ልማድ አልናቁትም። በቤተ መንግሥታቸው ግብር ሲገባ ለሺህ የሚቈጠር ሰው ያበሉ የነበሩ እመቤት ናቸውና፣ ማብላት ምን እንደ ሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ነገር ግን ከተማ ሲያድግ፣ ዘመድ በሌለው አገር የሚመጣ ሰው ሲበዛ፣ የሁሉም እንግዳ በጌታ ቤት ሊያድር እንደማይችል ተረዱ። ስለዚህ በ1900 ዓ.ም. በአራዳ ሆቴል አስከፈቱ፤ ስሙም እቴጌ ሆቴል ተባለ። በዚያ ቤት ገንዘብ ያለው ሰው አገሩ የትም ቢሆን አልጋና ምግብ ያገኛል፤ የሚበላውም ለማኝ ተብሎ አይደለም፤ የሚያስተናግደውም በሥራው አያፍርም። መኳንንቱ መጀመሪያ ገንዘብ ከፍለው ለመብላት ስላፈሩ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው አስከትለዋቸው በሆቴሉ ገብተው እንደ በሉና እንደ ከፈሉ ይተረካል። በእኔ አስተያየት ይህ ሆቴል በዝና ከመቀሌ ምንጭ ያንሳል እንጂ በብልሃት አያንስም፤ የጠላትን ምሽግ ከማስለቀቅ የገዛ ወገንን ነውር ማስተው አንዳንድ ጊዜ ይከብዳል።

የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ አብዛኛው ሥልጣን በውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበረ። እቴጌ በዚህ ደስ ስላላላቸው በአገር ሰዎች ገንዘብ ለእርሻና ለንግድ የሚያበድር ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት የኢትዮጵያ መነኮሳትም ረዳት ሆኑ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐፄ ምኒልክ ታመሙ። በሽታው እየጸና ሄዶ አካላቸው ሰነፈ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ያን ጊዜ እቴጌ የመንግሥቱን ሥራ ያዙ፤ ሹመትና ሽረትም በእጃቸው ሆነ። በሥራቸው ግን ብዙዎች አልተደሰቱም። እቴጌ ወንድማቸውን ራስ ወሌንና ሌሎቹን የሰሜን ዘመዶቻቸውን ከፍ ያደርጋሉ ብለው የሸዋ መኳንንት አዘኑ። ይህ ሐሜት ከባዶ የተነሣ አልነበረም፤ እቴጌ ለዘመዶቻቸው ያደሉ ነበር። ነገር ግን ፍርድ ስንሰጥ ሁለቱን ወገን ማየት ይገባናል። በዚያን ዘመን ዘመዱን የማይሾም ጌታ አልነበረም፤ ልጅ ያልወለደች፣ ባልዋ በአልጋ የወደቀባት እመቤት ደግሞ ከዘመዶችዋ በቀር የምትታመንበት ማን አላት? ይህም ሆኖ መንግሥት የብዙዎች ስለ ሆነ መኳንንቱ ተሰብስበው መከሩ፤ መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. እቴጌ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አውጥተው በሽተኛ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አስታወቋቸው። አንቶኔሊን መልሰው የሰደዱ ሴት በገዛ አገራቸው ሰዎች ፊት ዝም ለማለት ተገደዱ።

ከዚያ በኋላ የእቴጌ ሥራ አንድ ብቻ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ መናገር አይችሉም፤ ቤተ መንግሥቱ ዝም ብሏል፤ ግብሩም ቀርቷል። እቴጌ በአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል አስታመሙ። በቁርባን የተጋቡበት ቃል እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሞቱ። ሞታቸው ለሕዝቡ ብዙ ጊዜ ሳይገለጥ ቆየ፤ እቴጌም ሐዘናቸውን በአደባባይ ሊያለቅሱ አልቻሉም።

ከዚህ በኋላ እቴጌን ወደ እንጦጦ እንዲወጡ አደረጓቸው። በዘውድ ቀናቸው ወደ ወጡባት ወደ እንጦጦ ማርያም ተመልሰው በቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው ወደ ታች ሲመለከቱ የመሠረቱትን ከተማ ያዩት ነበር፤ ጢሱ ከየቤቱ ሲነሣ፣ ባሕር ዛፉ በየሰፈሩ ሲበቅል፣ ገበያተኛው ወደ አራዳ ሲወርድ። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተዘረጋው ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ፤ እንግዳውም ከቀድሞው ይልቅ በዛ። እቴጌ ግን ወደ ከተማው ተመልሰው አልገቡበትም። የልጅነት ትምህርታቸው በዚህ ጊዜ ጓደኛ ሆነላቸው፤ ጸሎትና መጽሐፍ ሥልጣን ሲወሰድ አብረው አይወሰዱምና።

እቴጌ ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ሞቱ፤ በዚያው በማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ሆቴላቸው ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን አለፈበት፤ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜም ቆየ፤ በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር እሳት ተነሥቶ ከፊሉን አቃጠለው፤ ኋላም ታደሰ። የዐፄ ምኒልክ መቃብር በቤተ መንግሥቱ አጠገብ በበአታ ለማርያም ከተሠራ በኋላ የእቴጌ አፅም ከእንጦጦ ወርዶ በባላቸው አጠገብ ተቀመጠ።